የሥራ ገለጻና በራስ መተማመን

ገለጻ አንድ ሰው የሠራውን፣ ያጠናውን ወይም ያቀደውን ነገር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለባልደረቦቹ፣ ለኃላፊዎቹ ወይም ለደንበኞቹ በቃል የሚያስረዳበት ተግባር ነው። የሩብ ዓመት የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት፣ ለቦርድ የሚቀርብ የበጀት ጥያቄ፣ ለጨረታ ኮሚቴ የሚደረግ ማብራሪያ፣ ለአዲስ ሠራተኞች የሚሰጥ ሥልጠና፣ ለለጋሽ ድርጅት የሚቀርብ የፕሮጀክት ሐሳብ ሁሉም ገለጻዎች ናቸው። ከሌላው ንግግር የሚለያቸው አንድ ዐቢይ ነገር አለ፤ ገለጻው ሲያበቃ አንድ ሰው አንድ ነገር መወሰን፣ ማጽደቅ ወይም አሠራሩን መለወጥ ይኖርበታል። ስለዚህ የገለጻ ስኬት የሚለካው በጭብጨባ ሳይሆን ስብሰባው ሲበተን በቃለ ጉባኤው ላይ በሰፈረው ውሳኔ ነው።

ለዚህ ዓላማ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ መወለድ ግዴታ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ጉዳያቸውን አጥርተው ከሚያስረዱ ሰዎች መካከል ዝምተኞችም፣ ዓይን አፋሮችም፣ ድምፀ ቀጭኖችም ይገኛሉ። የሚያመሳስላቸው አዘገጃጀታቸው ነው። በራስ መተማመን ከጠባይ ይልቅ ከዝግጅት ይመነጫል፤ የዝግጅት ፍሬ ነገር ደግሞ ሐሳብን ከራስ ላይ አንሥቶ በአድማጭ ላይ ማሳረፍ ነው። «ሰው ምን ይለኛል» እያለ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው በየደቂቃው ራሱን ሲመረምር ነገሩ ይጠፋበታል። «አድማጩ ምን ይዞ ይሂድ» ብሎ የሚወጣ ሰው ግን ራሱን ለመመርመር ፋታ የለውም።

በቃል የማስረዳት ጥበብ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ተናጋሪ አድማጩን የሚያሳምንባቸውን መንገዶች ሦስት አድርጎ አስቀምጧቸዋል፦ የተናጋሪው ተአማኒነት፣ የአድማጩ ስሜትና የሚቀርበው ማስረጃ። የሮማ የንግግር መምህራን ደግሞ ሥራውን በአምስት ከፈሉት፦ ሐሳብን መፈለግ፣ ማደራጀት፣ በተገቢው ቃል መግለጽ፣ በልብ መያዝና ማቅረብ። ከአምስቱ አራቱ መድረክ ላይ ከመውጣት በፊት የሚያልቁ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። በኢትዮጵያም በበልሃ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቾች አደባባይ ቆመው፣ ያለ ጽሑፍ፣ በምሳሌና በተረት እያዋዙ ነገራቸውን ለዳኛ ያስረዱ ነበር። የዛሬው ገለጻ መሣሪያው ፕሮጀክተርና ማይክሮፎን ይሁን እንጂ የቆመበት መሠረት ይኸው ነው።

የብዙ አቅራቢዎች የመጀመሪያ ፈተና ፍርሃት ነው። ብዙ ዓይኖች ሲያርፉበት የሰው ሰውነት አደጋ እንደተደቀነበት ቆጥሮ አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ መዳፍ ያልባል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ይህ የጤናማ ሰውነት ምላሽ ነው፤ ለዓመታት መድረክ ላይ የቆዩ ሰዎችንም አይለቃቸውም። ችግሩ የሚብሰው አቅራቢው ፍርሃቱ ለሁሉም ሰው በግልጽ የሚታይ ሲመስለው ነው። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ተናጋሪዎች ፍርሃታቸው ከሚታየው በላይ እንደሚታይባቸው አድርገው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። ይህ ግምት የተሳሳተ መሆኑ አስቀድሞ የተነገራቸው ተሳታፊዎች ደግሞ በራሳቸውም በተመልካቾቻቸውም ዘንድ የተሻለ ንግግር አድርገዋል። ውስጥን የሚንጠው ማዕበል ከውጭ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ይህን ማወቁ ብቻ የፍርሃቱን ጉልበት ይቀንሰዋል።

ሁለተኛው መድኃኒት ስሜቱን ለማጥፋት ከመታገል ይልቅ ስሙን መቀየር ነው። የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤቷ አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት፣ ከንግግር በፊት «ተረጋግቻለሁ» ከሚሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ብለው ለራሳቸው የተናገሩ ሰዎች ይበልጥ አሳማኝና ልበ ሙሉ ሆነው ታይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በፍርሃትም በጉጉትም ልብ በፍጥነት ይመታል፤ የሚመታን ልብ በትእዛዝ ማብረድ ይከብዳል፣ ምቱን ለሥራ ማዋል ግን ይቻላል። ከዚህ ጋር ቀላል ልማዶች ይጨመሩበታል፦ ቀድሞ ደርሶ አዳራሹን ማየት፣ ፕሮጀክተሩንና ማይኩን መሞከር፣ ከሚመጡት አድማጮች ጋር ሰላምታ መለዋወጥ፣ ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ሳይደናቀፉ መናገር እስኪቻል መለማመድ። ፍርሃቱ የሚከብደው በመነሻው ላይ ነው፤ መነሻውን በእጁ የያዘ አቅራቢ የቀረውን ይደርስበታል።

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች በዚህ ላይ ይሉኝታ ይታከልበታል። በአለቃና በዕድሜ በሚበልጡ ሰዎች ፊት ልበ ሙሉ ሆኖ መናገር እንደ ድፍረት እንዳይቆጠር የሚሰጋ ሰው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ገለጻው በይቅርታ ይጀምራል፦ «ብዙም አልተዘጋጀሁም»፣ «ከእኔ የተሻሉ ሰዎች እያሉ»፣ «ጊዜያችሁን ላለመሻማት ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ»። ንግግሩ ከትሕትና ቢመነጭም ውጤቱ አድማጩን ገና ከጅምሩ ተስፋ ማስቆረጥ ነው። እውነተኛው ትሕትና የሰዎችን ጊዜ አክብሮ ተዘጋጅቶ መገኘት ነው። ክቡራን እንግዶችን በማዕረጋቸው ጠርቶ ማመስገን ተገቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ያለ ይቅርታ ወደ ጉዳዩ መግባት ለማንም ንቀት አይደለም።

ዝግጅት የሚጀምረው ኮምፒውተር ከመከፈቱ በፊት በሦስት ጥያቄዎች ነው። አድማጮቹ እነማን ናቸው? ስለ ጉዳዩ ምን ያህል ያውቃሉ? ገለጻው ሲያበቃ ምን እንዲያደርጉ ይፈለጋል? ለሦስቱ መልስ ከተገኘ በኋላ የገለጻው ቁም ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጻፍ ያልቻለ ጉዳይ ገና ያልበሰለ ጉዳይ ነው፤ ስላይድ ቢደረደርበትም አይበስልም።

ለምሳሌ አንድ የከተማ ውኃ አገልግሎት ባለሙያ ለሥራ አመራሩ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሊያቀርብ ነው እንበል። የተለመደው አጀማመር እንዲህ ያለ ነው፦ «በበጀት ዓመቱ ሁለተኛ ሩብ ዓመት በሥራ ሂደቱ እንዲከናወኑ ከታቀዱት 14 ዐበይት ተግባራት መካከል ተግባር አንድን በተመለከተ…» አድማጩ አሥራ አራቱንም ተግባራት ከነመቶኛቸው ይሰማል፤ የትኛው እንደሚያሳስብ፣ የትኛው ውሳኔ እንደሚሻ ግን አይለይለትም። ተግባር ስድስት ላይ ሲደረስ ስልኮች ከኪስ ይወጣሉ። ያው ባለሙያ ያንኑ መረጃ ይዞ በሌላ መንገድ ሊጀምር ይችላል፦ «በዚህ ሩብ ዓመት ካመረትነው ውኃ ከሦስት እጅ አንዱ ገቢ አላስገኘም። አብዛኛው የፈሰሰው በሁለት አሮጌ መስመሮች ላይ ነው። ዛሬ የምንጠይቀው መስመሮቹ እንዲቀየሩ ውሳኔ እንዲሰጥልን ነው።» ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ችግሩን፣ መንስኤውንና የሚፈለገውን ውሳኔ አስቀምጠዋል። የቀረው ጊዜ ለማስረጃውና ለወጪው ይውላል፤ አሥራ አራቱ ተግባራት በአባሪ ሰንጠረዥ ይታደላሉ። ሁለተኛው አቀራረብ ባለሙያውን ጭምር ይረዳዋል። የሚከላከለው አንድ ጥርት ያለ ነገር ስለሆነ ጥያቄ አያስበረግገውም፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ያለ ስላይድ ሊቀጥል ይችላል።

የገለጻ አደረጃጀት የሰውን የማስታወስ ችሎታ ማክበር አለበት። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ቤኔት መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች ከተከታታይ የቃላት ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ከመካከለኞቹ በተሻለ ያስታውሳሉ። ሌላው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ኔልሰን ኮዋን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረበው ጥናት ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዛቸው የሚችላቸው ነገሮች አራት ገደማ እንደሆኑ አስረድቷል። የቃላት ዝርዝርና የሥራ ገለጻ አንድ ባይሆኑም ከሁለቱ ጥናቶች ጠቃሚ ትምህርት ይገኛል፤ ዋናው ነገር መጀመሪያ ላይ ይነገር፣ መጨረሻ ላይ ይደገም፣ በመካከል ያሉት ነጥቦች ከሦስት ወይም ከአራት አይብለጡ። በብዙ ሪፖርቶች የሚታየው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መግቢያ፣ ዓላማ፣ ወሰንና የአሠራር ዘዴ ይቀድሙና ውጤቱ አድማጩ ከደከመ በኋላ ይመጣል። ይህ ቅደም ተከተል ለሚነበብ ጥናት ይስማማል፤ ለሚደመጥ ገለጻ ግን አይስማማም።

ነጥቦቹ የሚያዙት በምሳሌ ነው። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚባለው በከንቱ አይደለም። «የአገልግሎት አሰጣጥ መጓተት ይታያል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከጆሮ አያልፍም። አንዲት ባለጉዳይ አንድ ፊርማ ፍለጋ ስንት ቢሮ እንደተመላለሰች፣ በየቢሮው ምን እንደተባለች በቅደም ተከተል ሲነገር ግን መጓተቱ ይታያል። ቁጥርም እንዲሁ ማነጻጸሪያ ይሻል፤ ካለፈው ዓመት፣ ከዕቅዱ ወይም ከሌላ ቅርንጫፍ ጋር ያልተነጻጸረ ቁጥር ትልቅ ይሁን ትንሽ አይታወቅም።

ስላይድ የገለጻው አጋዥ ነው። ፓወር ፖይንት ፎርሶውት በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ ወዲህ ስላይድ በዓለም ዙሪያ የስብሰባ ቋንቋ ሆኗል። በአግባቡ ካልተሠራ ግን የከፋ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል የኮሎምቢያ መንኮራኩር ታሪክ ያስተምራል።

ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 በተወነጨፈች በ82 ሰከንድ ገደማ ከውጭው የነዳጅ ታንክ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን መታ። መንኮራኩሯ ገና በምሕዋሯ ላይ ሳለች የቦይንግ መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምግመው ለአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ለናሳ በስላይድ አቀረቡ። የአንደኛው ስላይድ ርዕስ፣ የሙከራ መረጃው ሲታይ የግምቱ ስሌት ወደ ጥንቃቄ ያደላ ነው የሚል፣ አንባቢን የሚያረጋጋ መልእክት ነበረው። ከርዕሱ ሥር ደረጃ በደረጃ የተከፋፈሉ ነጥቦች ተደርድረዋል። ከሁሉ በታች፣ በስላይዱ ማብቂያ ላይ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ተቀምጧል፦ ሙከራው የተደረገው በ3 ኪዩቢክ ኢንች ቁራጭ ሲሆን ክንፉን የመታው ቁራጭ ግምት 1,920 ኪዩቢክ ኢንች ነበር። ልዩነቱ 640 እጥፍ ነው፤ በሌላ አነጋገር ሙከራው ስለደረሰው አደጋ የሚናገረው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። ፌብሩዋሪ 1 ቀን መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታትና 7ቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። አደጋው ብዙ መንስኤዎች ነበሩት። አደጋውን ያጣራው የምርመራ ቦርድ በዚያው ዓመት ኦገስት ባወጣው ሪፖርት ግን ይህን ስላይድ ለይቶ ተቸው፤ የመረጃ አቀራረብ ሊቁ ኤድዋርድ ተፍቲ ያደረገውን ትንተናም አካተተ። አንድ ከፍተኛ ኃላፊ ስላይዱን አንብቦ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ መሆኑን ሳይረዳ ሊቀር እንደሚችል ቦርዱ ገልጿል። የኮሎምቢያ ትምህርት ለማንኛውም መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ የስላይድ ርዕስ ድምዳሜውን በሐቅ ይናገር፣ አሳሳቢው ነገር ከላይ ይቀመጥ፣ አንድ ስላይድ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ።

ስላይዱን ቃል በቃል ማንበብም መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ሪቻርድ ሜየር የተባለው የትምህርት ሥነ ልቡና ተመራማሪ በተከታታይ ሙከራዎች እንዳሳየው፣ ሰዎች ሥዕልና የቃል ማብራሪያ ሲቀርብላቸው ያው ማብራሪያ በጽሑፍ ከሚታከልበት ጊዜ ይልቅ በተሻለ ይማራሉ። በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚታይ ሌላ ጫናም አለ፤ ስላይዱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ማብራሪያው በአማርኛ ይሰጣል። አድማጩ በዓይኑ አንድ ቋንቋ እያነበበ በጆሮው ሌላ ቋንቋ ያዳምጣል፣ በአእምሮው ሁለቱን ያስታርቃል። ገለጻው በአማርኛ ከሆነ ስላይዱም በአማርኛ ቢሆን፣ ካልተቻለም ከጥቂት ቃላትና ከአንድ ግራፍ ባያልፍ ይመረጣል። አንዳንዱ ጉዳይ ጭራሽ ስላይድ አይፈልግም። የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ እ.ኤ.አ. በ2004 በኩባንያው ከፍተኛ አመራር ስብሰባዎች ፓወር ፖይንትን አስቀርቶ በጽሑፍ ማስታወሻ ተክቶታል፤ ተሰብሳቢዎቹ ማስታወሻውን በጸጥታ ካነበቡ በኋላ ይወያያሉ።

ስለ ድምፅና ስለ አካል እንቅስቃሴ የተሳሳተ እምነት በሥልጠናዎች ተሰራጭቷል። የመልእክት 7 በመቶው ብቻ በቃላት፣ 38 በመቶው በድምፅ ቃና፣ 55 በመቶው በፊት ገጽታ ይተላለፋል ይባላል። አኃዞቹ የተወሰዱት የሥነ ልቡና ተመራማሪው አልበርት ሜህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተማቸው ጥናቶች ነው፤ ጥናቶቹ የመረመሩት ግን በነጠላ ቃላት የሚገለጸውን የመውደድና የመጥላት ስሜት ነበር። ስለ በጀት ወይም ስለ ግንባታ የሚሰጥ ገለጻ በ7 በመቶ ቃላት አይቆምም። የድምፅና የአካል ሥራ ቃላቱ እንዲደመጡ ማገዝ ነው። ለዚህም ቀጥ ብሎ መቆም፣ ፊትን ከስላይዱ ወደ ሰዎች ማዞር፣ አንድ ሐሳብ እስኪያልቅ አንድን ሰው እያዩ መናገርና ከዚያ ወደ ሌላው ማለፍ፣ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ አለመዋጥ ይበቃል። አለቃን ወይም ትልቅ ሰውን አተኩሮ ማየት የሚከብደው ሰው ዓይኑን ቶሎ ቶሎ በማዘዋወር ክብሩንም ግንኙነቱንም ሊጠብቅ ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው የድምፅ መሣሪያ ዝምታ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አልተፎካከሩም፤ ጋዜጠኞቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ዝም ብለው ጠበቁ፣ ከዚያም ንግግራቸውን በአማርኛ አደረጉ። ጩኸቱን የረታው መረጋጋታቸው ነበር። በሥራ ስብሰባም አንድ ቁልፍ ቁጥር ከተነገረ በኋላ ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት አድማጩ እንዲያስብበት ዕድል ይሰጠዋል። ዝምታን የሚፈራ አቅራቢ ክፍተቱን «እ…»፣ «ያው»፣ «እንግዲህ»፣ «ማለት ነው» በሚሉ ቃላት ይሞላዋል፤ «ማለት ነው» በየዓረፍተ ነገሩ ሲደገም የነገሩን ክብደት ይቀንሳል። እነዚህን ቃላት ለመተው የሚቀለው መንገድ በቦታቸው አፍን ዘግቶ መተንፈስ ነው። በኢንተርኔት በሚደረግ ስብሰባ ደግሞ ካሜራውን በዓይን ልክ ማስተካከል፣ ሐሳቡን አሳጥሮ ማቅረብ፣ በየመካከሉ ተሰብሳቢን በስም ጠርቶ አስተያየት መጠየቅ ትኩረትን ይይዛል።

ጥያቄና መልስ የገለጻው ዋና ክፍል እንጂ ጭራ አይደለም። አስቀድሞ የሚጠበቁ ከባድ ጥያቄዎችን ጽፎ መልሳቸውን መለማመድ ይገባል፤ ይልቁንም ሊጠየቅ የማይፈለገውን ጥያቄ። ጥያቄው ሲነሣ እስከ መጨረሻው ማዳመጥ፣ አዳራሹ እንዲሰማው በአጭሩ ደግሞ መናገር፣ ከዚያም ቀጥተኛውን መልስ አስቀድሞ ማብራሪያውን ማስከተል ሥርዓቱ ነው። መልሱ ካልታወቀ «ይህን አሁን በእጄ አልያዝኩም፤ እስከ ዓርብ አጣርቼ አቀርባለሁ» ማለትና ቃልን መጠበቅ ተአማኒነትን ይገነባል። ገምቶ መመለስ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንድ የተሳሳተ ቁጥር ትክክለኞቹንም ያስጠረጥራል። የሚያጠቃ አስተያየት ሲመጣ ሰውየውን ትቶ ነገሩን መመለስ የተሰብሳቢውን አክብሮት ያተርፋል።

ይህ ሁሉ የሚጸናው በልምምድ ነው። ልምምድ ስላይድን በዓይን መከለስ አይደለም፤ ቆሞ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ሰዓት ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መናገር ነው። ሙሉውን ጽሑፍ በቃል መሸምደድ አይመከርም፤ አንድ ቃል ሲጠፋ ተከታዩ አብሮ ይጠፋል። መክፈቻውንና መዝጊያውን በቃል መያዝ፣ የመካከሉን ግን የነጥቦቹን ቅደም ተከተል ብቻ ማወቅ ይሻላል። በስልክ ቀድቶ መልሶ ማዳመጥ መጀመሪያ ላይ ቢያሳፍርም ፍጥነትንና ተደጋጋሚ ቃላትን ወዲያው ያሳያል። ራልፍ ስሜድሊ እ.ኤ.አ. በ1924 በካሊፎርኒያ ሳንታ አና ከተማ የመሠረተው ቶስትማስተርስ የተባለ የንግግር መለማመጃ ማኅበር በዚሁ መርሕ ላይ የቆመ ነው። በክለቦቹ ስብሰባ ላይ አንድ አባል ሰዓት ይይዛል፣ ሌላው የመሙያ ቃላትን ይቆጥራል፣ ሌላው ንግግሩን ይገመግማል። ለዚህ ትልቅ ወጪ አያስፈልግም፤ አንድ የሥራ ክፍል በሳምንት ግማሽ ሰዓት መድቦ ያንኑ ሊያደርግ ይችላል።

በመጨረሻ ኃላፊነቱ የአቅራቢው ብቻ አይደለም። ሰብሳቢዎች አቅራቢን በመካከል እያቋረጡ በሚያሳፍሩበት፣ ሁልጊዜ የሚናገሩት ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ በሆኑበት መሥሪያ ቤት ጥሩ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውም ለድርጅቱ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ኃላፊዎች ለወጣት ሠራተኞች መድረኩን ይክፈቱ፣ አስተያየታቸውን በአክብሮት ይስጡ፣ ሰዓት ያክብሩ። አቅራቢዎችም ለሚቀጥለው ስብሰባ ስላይድ ከመክፈታቸው በፊት አድማጫቸው ይዞ እንዲሄድ የሚፈልጉትን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ ድምፅ አውጥተውም ይለማመዱት። በደንብ የተሠራ ሥራ በደንብ ሊነገርለት ይገባዋል።